ዉኮመርስ ሱቅ ላይ ክፍያ መቀበል፦ ከስክሪንሾት ወደ ተረጋገጠ ገንዘብ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ እሸጣለሁ። በዎርድፕረስና በዉኮመርስ (ዎርድፕረስ ላይ በሚጨመር የሱቅ ፕሮግራም) የተሠራ ድረ ገጽ አለኝ። እስካሁን ደንበኛው የባንክ ቁጥሬን አይቶ ያስገባል፣ ስክሪንሾት በቴሌግራም ይልካል፣ እኔም ልብሱን እልካለሁ። በውሸት ስክሪንሾት ተበልቻለሁ። ስትራይፕ ልከፍት ብሞክር ኢትዮጵያ ዝርዝሩ ውስጥ የለችም። ክፍያው እዚያው ድረ ገጹ ላይ እንዲያልቅ ምን ላድርግ? ውጭ አገር ያሉ ደንበኞችም አሉኝ።»

የስትራይፕን ነገር አስቀድመን እንጨርሰው። ስትራይፕ በድረ ገጽ የካርድ ክፍያ የሚያስፈጽም የውጭ ድርጅት ነው፤ ሂሳብ የሚከፍተው በሚሠራባቸው አገሮች ለተመዘገበ ንግድ ብቻ ነው፤ ኢትዮጵያ ከእነዚያ ውስጥ የለችም። «በዘመድ ስም ክፈት» የሚለውን ምክር አይስሙ። የንግዱ ስም፣ የባንክ ሂሳቡ ባለቤትና ዕቃው የሚነሣበት አገር ሳይገጥሙ ሲቀሩ ሂሳቡ ሊታገድ ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ የሚታገደውም ባዶውን እያለ ሳይሆን ገንዘብ ከተጠራቀመበት በኋላ ነው።

ለእርስዎ የሚሆነው ከኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ያለው የአገር ውስጥ የክፍያ ጌትዌይ ነው፤ ይህም ክፍያውን ከደንበኛው ተቀብሎ ወደ ባንክ ሂሳብዎ የሚያስተላልፍ ድርጅት ነው። ቻፓ፣ አሪፍፔይና ሳንቲምፔይ በብዛት የሚጠሩት ናቸው። ብሔራዊ ባንክ ለእነዚህ ዓይነት ድርጅቶች የተለየ የፈቃድ መመሪያ ያወጣው በፈረንጆቹ 2020 ነው፤ ውል ከመፈረምዎ በፊት የድርጅቱ ስም ባንኩ ፈቃድ ከሰጣቸው መካከል መኖሩን ያረጋግጡ። የጌትዌይ ጥቅሙ በአንድ ውል ቴሌብርን፣ ሲቢኢ ብርን፣ ኤም-ፔሳን፣ የባንክ ሂሳብንና ካርድን በአንድ የክፍያ ገጽ ላይ ማግኘትዎ ነው። የትኛው ጌትዌይ የትኞቹን እንደያዘ ግን ስለሚለያይ፣ ማስታወቂያውን ሳይሆን የክፍያ ገጹን ራሱን ከፍተው ይዩት። ደንበኞችዎ በብዛት የሚከፍሉበት መንገድ እዚያ ላይ ከሌለ ሌላው ሁሉ ቢያምር አይጠቅምዎትም።

ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር በቀጥታ ተዋውሎ ቴሌብርን ብቻ መግጠምም ይቻላል። ለዚያ የነጋዴ አጭር ቁጥር፣ የመተግበሪያ መለያና የሁለት ቁልፎች ጥንድ (አንዱ የግል፣ አንዱ ይፋዊ) ያስፈልጋል፤ ጥያቄው ሁሉ በግል ቁልፉ እየተፈረመ ነው የሚላከው። ሥራው የፕሮግራመር ነው፤ ሲያልቅ ደግሞ የሚያገኙት አንድ የክፍያ መንገድ ብቻ ነው። በቀን ጥቂት ትዕዛዝ ላለው ሱቅ አልመክረውም። በቀን ሁለት ሦስት ትዕዛዝ ብቻ ከሆነ እንዲያውም ድረ ገጹን ጨርሶ ሳይነኩ ከጌትዌዩ የክፍያ ማስፈንጠሪያ እየፈጠሩ በቴሌግራም መላክ ይበቃል፤ ገንዘቡ መግባቱን ከጌትዌዩ ዳሽቦርድ (የነጋዴው መቆጣጠሪያ ገጽ) ስለሚያዩት የስክሪንሾቱ ችግር ያን ዕለት ይቀራል።

አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው ይያዝ። ጌትዌይ መግጠም ማታለልን በራሱ አያጠፋም። በተሳሳተ መንገድ የተገጠመ ጌትዌይ ማለት፣ ስክሪንሾት እያየ የሚያምን ሰው ተነሥቶ ስክሪንሾት እያየ የሚያምን ኮምፒዩተር በቦታው ተቀመጠ ማለት ነው። ምላሹ የረዘመው በዚህ ምክንያት ነው።

ወረቀቱ

የሚጠየቀው ብዙ አይደለም፦ የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የንግድ ምዝገባ፣ የቲን ምስክር ወረቀት፣ የባለቤቱ መታወቂያ፣ የባንክ ሂሳብ። ንግዱ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሆነ መመሥረቻ ጽሑፍና የሥራ አስኪያጁ ሹመት ይጨመራል። ሰው የሚጉላላው ወረቀት ጎድሎበት ሳይሆን ስም አልገጥም ብሎት ነው። ፈቃዱ በግል ስም ሆኖ ድረ ገጹ ላይ የብራንድ ስም ብቻ ከተጻፈ፣ ወይም የባንክ ሂሳቡ በእህት ስም ከሆነ ማመልከቻው ይመለሳል። በላቲን ፊደል የተጻፈው ስምዎ በፈቃዱ፣ በመታወቂያውና በባንክ ደብተሩ ላይ በየራሱ አጻጻፍ ከሆነም ከማመልከትዎ በፊት ባንኩ ጋ ሄደው ያስተካክሉት።

ድረ ገጹም ይታያል። ስልክ፣ አድራሻ፣ በብር የተጻፈ ዋጋ፣ የማድረሻ ጊዜ፣ ዕቃ የመመለሻ ደንብ ሊኖረው ይገባል። «በቅርቡ ይጠብቁን» የሚል ገጽ ይዘው አያመልክቱ።

የንግድ ፈቃድ ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 መሆኑን ያውቁታል። ጌትዌዩም የፈቃዱን ዘመን ይከታተላል፤ ያልታደሰ ከሆነ ገንዘብዎን ወደ ባንክ ማስተላለፉን ሊያቆም ስለሚችል፣ አዲሱን ፈቃድ እንዳገኙ ሳይጠየቁ ይላኩላቸው። የሱቁ ዋና ገበያ ገና እና ጥምቀት ላይ ከሆነ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ገንዘብ መታገድ ምን ማለት እንደሆነ መንገር አያስፈልግም።

ከ«ክፈል» እስከ «ተከፍሏል»

ደንበኛዋ የመክፈያውን ቁልፍ ስትጫን ለጌትዌዩ ጥያቄ የሚልከው የእርስዎ ሰርቨር (ድረ ገጹ የተቀመጠበት ኮምፒዩተር) ነው፤ የደንበኛዋ ስልክ መሆን የለበትም። ጥያቄው የሚይዘው የብሩን መጠን፣ የገንዘቡን ዓይነት፣ የግብይት መለያ፣ ደንበኛዋ ስትጨርስ የምትመለስበትን ገጽና ጌትዌዩ ውጤቱን የሚያሳውቅበትን አድራሻ ነው። ከጥያቄው ጋር ሚስጥራዊ ቁልፍዎ (ጌትዌዩ የሰጠዎ፣ እንደ ይለፍ ቃል የሚያገለግል ጽሑፍ) አብሮ ይሄዳል። ጌትዌዩ በምላሹ የክፍያ ገጽ ማስፈንጠሪያ ይሰጣል፤ ደንበኛዋ ወደዚያ ትሄዳለች፣ ቴሌብር ከመረጠች ስልኳ ላይ ጥያቄ ይመጣላታል፣ ፒኗን አስገብታ ትከፍላለች።

ከዚያ በኋላ ውጤቱ ወደ እርስዎ የሚደርስባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው፣ የደንበኛዋ ብራውዘር ወደ «እናመሰግናለን» ገጽ ይመለሳል። ሁለተኛው፣ ጌትዌዩ ራሱ ከሰርቨሩ ወደ ሰርቨርዎ መልእክት ይልካል፤ ይህኛው ዌብሁክ ይባላል። የትኛው እንደሚቀድም ዋስትና የለም፤ ሁለቱም መድረሳቸውም ዋስትና የለውም።

የመጀመሪያውን በፍጹም እንደ ክፍያ ማረጋገጫ አይቁጠሩት። የመመለሻው አድራሻ ብራውዘሩ ላይ በግልጽ ይታያል፤ አንድ ብር ያልከፈለ ሰው አድራሻውን ራሱ ጽፎ ሊገባበት ይችላል። በተቃራኒውም፣ ፒኗን አስገብታ የስኬት መልእክት በስልኳ የደረሳት ደንበኛ ገጹን ዘግታው ትሄዳለች። ኔትወርክ ሊቆረጥ፣ መብራት ሊጠፋ ይችላል። ያኔ ገንዘቡ ገብቶ ትዕዛዙ «አልተከፈለም» እንዳለ ይቀራል፤ ጠዋት ላይ የተቆጣ ሰው ይደውላል።

ዌብሁኩም ቢሆን ብቻውን አይታመንም። ያ አድራሻ ለማንም ክፍት ነው፤ አድራሻውን የገመተ ሰው «ትዕዛዝ 1047 ተከፍሏል» የሚል ሐሰተኛ መልእክት ሊልክበት ይችላል። ስለዚህ ጌትዌዩ እያንዳንዱን መልእክት በሚስጥር ቃል ይፈርመዋል፤ በተለመደው አሠራር ሰርቨርዎ የመልእክቱን ይዘትና ሚስጥሩን ይዞ ኤችማክ ሻ-256 በሚባለው ስሌት ፊርማውን እንደገና ያሰላና ከመጣው ጋር ያስተያያል። እዚህ ላይ ፕሮግራመሮች ደጋግመው የሚስቱት ነገር አለ፦ መልእክቱን ፈትተው ወደ ዳታ ከቀየሩት በኋላ መልሰው ጽፈው ያሰላሉ። አንድ ክፍተት ወይም አንድ የአማርኛ ፊደል አጻጻፍ ከተለወጠ ስሌቱ አይገጥምም። ፊርማው መሰላት ያለበት እንደመጣ ባልተነካው ጽሑፍ ላይ ነው። በእንግሊዝኛ ስም በሞከሩት ጊዜ ሠርቶ የደንበኛዋ ስም «ትዕግሥት» ተብሎ በአማርኛ ሲመጣ የሚበላሽ ከሆነ ምክንያቱ ይህ መሆኑን ይጠርጥሩ።

ውሳኔ የሚሰጠው ሦስተኛው እርምጃ ነው። ደንበኛዋ ብትመለስም፣ ዌብሁክ ቢመጣም፣ ሰርቨርዎ በሚስጥራዊ ቁልፉ ወደ ጌትዌዩ ዞሮ «ይህ መለያ ያለው ግብይት በእርግጥ ተከፍሏል?» ብሎ ይጠይቃል። ምላሹ ሲመጣ አራት ነገር ያመሳክራል፤ ሁኔታው የተሳካ መሆኑን፣ መለያው የዚህ ትዕዛዝ መሆኑን፣ ገንዘቡ ብር መሆኑን፣ መጠኑም ትዕዛዙ ላይ ካለው ጋር እኩል መሆኑን። መጠኑን ሳያመሳክሩ መተው የተለመደ ቀዳዳ ነው። ዋጋው ከደንበኛው ብራውዘር የሚነሣ ሆኖ ከተሠራ፣ የ8,500 ብር ቀሚስ በ1 ብር «በተሳካ ሁኔታ» ይከፈላል፤ ጌትዌዩም አልዋሸም፣ 1 ብሩ በእርግጥ ተከፍሏል። ሲያመሳክሩም በሳንቲም፣ በሙሉ ቁጥር ይሁን፤ 8,500.00 እና 8,500 እኩል አይደሉም ብሎ ትክክለኛ ክፍያ የሚጥል ፕለጊን (ዎርድፕረስ ላይ የሚገጠም ተጨማሪ ፕሮግራም) ብርቅ አይደለም።

የግብይት መለያው ለእያንዳንዱ ሙከራ አዲስ መሆን አለበት። የትዕዛዙን ቁጥር እንዳለ ከተጠቀሙበት፣ የመጀመሪያው ሙከራ ሒሳብ አልበቃ ብሎት የተመለሰ ደንበኛ ዳግም ሲሞክር «ይህ መለያ ጥቅም ላይ ውሏል» ተብሎ ይከለከላል። 1047-1፣ 1047-2 እያሉ መሄድ ይበቃል፤ ግን የቀድሞዎቹን አይሰርዙ፣ ትዕዛዙ ላይ ይመዝግቧቸው። ደንበኛው የመጀመሪያው ሳያልቅ ሁለተኛውን ከፍቶ ሁለቱንም ሊከፍል ይችላል፤ ያኔ ተመላሽ የሚያደርጉት የትኛውን እንደሆነ የሚያውቁት በዚህ መዝገብ ነው።

ዌብሁክም ሁለት ሦስት ጊዜ ሊመጣ ይችላል። ጌትዌዩ መልስ ካላገኘ ደግሞ ይልካል። ስለዚህ ሰርቨሩ መልእክቱን ተቀብሎ ወዲያው «ደርሶኛል» (የ200 ምላሽ) ይበል፤ ኢሜይል መላክና ደረሰኝ ማዘጋጀት ከዚያ በኋላ ይሁን። ትዕዛዙ ቀድሞ «ተከፍሏል» ከተባለ ደግሞ ሁለተኛው መልእክት ምንም መለወጥ የለበትም፤ ካልሆነ አንድ ነጠላ ተሸጦ ከክምችቱ ሁለት ይቀነሳል።

በመጨረሻም ማንም የማይገጥመው፣ ግን እዚህ አገር በጣም የሚያስፈልግ ጠባቂ አለ። በየ10 ደቂቃው የሚነሣ ትንሽ ሥራ፣ ባለፉት 24 ሰዓታት ከመጡት ትዕዛዞች ውስጥ ከ10 ደቂቃ በላይ ሳይከፈሉ የቆዩትን እየለቀመ ጌትዌዩን ይጠይቅ። ኔትወርክ ሲመለስ ዘግይተው የሚገቡትን የቴሌብር ክፍያዎች የሚይዝልዎ እሱ ነው። ዎርድፕረስ የራሱ ሰዓት ቆጣሪ አለው፤ ግን የሚነሣው ድረ ገጹን ሰው ሲጎበኝ ብቻ ነው። ሌሊት ጎብኚ ከሌለ ይተኛል። ሆስቲንግዎ (ድረ ገጹን የሚያስቀምጥልዎ አገልግሎት) ላይ እውነተኛ ክሮን፣ ማለትም ጎብኚ ሳይጠብቅ በሰዓቱ የሚነሣ ቆጣሪ፣ እንዲገጠም ያድርጉ።

ዉኮመርስ ላይ ምን ይበላሻል

ጌትዌዩ ፕለጊን ካለው ይጠቀሙበት፤ ቻፓ ለዉኮመርስ አለው። ከዎርድፕረስ የፕለጊን ማከማቻ ወይም ከጌትዌዩ ራሱ እንጂ ቴሌግራም ላይ ከሚዞር ዚፕ ፋይል አይጫኑ።

ፕለጊኑን ጭነው፣ አብርተው፣ ቁልፉን አስገብተው የክፍያ ምርጫው ገጹ ላይ አልታይ ካለ፣ ሁለት ነገር ይመርምሩ። አንደኛው የገንዘቡ ዓይነት ነው፤ በዉኮመርስ ጠቅላላ ማስተካከያ ውስጥ የኢትዮጵያ ብር ካልተመረጠ ለብር የተሠራ ፕለጊን ራሱን ሊደብቅ ይችላል። ሁለተኛው ይበልጥ ያደክማል። ከፈረንጆቹ 2023 መጨረሻ ጀምሮ አዲስ የሚተከል ዉኮመርስ የመክፈያ ገጹን በብሎክ (በአዲሱ የዎርድፕረስ ገጽ መገንቢያ ዘዴ) ነው የሚሠራው፤ ለአሮጌው ገጽ የተጻፉ ፕለጊኖች እዚያ ላይ አይታዩም፣ ስህተትም አይናገሩም። የመክፈያ ገጹን በኤዲተር ከፍተው ብሎኩን ወደ ክላሲክ ቼክአውት (ወደ አሮጌው የመክፈያ ገጽ) ይቀይሩት፤ ወዲያው ብቅ ካለ ጥፋቱ ተገኘ። በዚያው ሰሞን የትዕዛዞች ማስቀመጫ ሠንጠረዥም ተለውጧል፤ ፕለጊኖች ዝርዝር ውስጥ «አይጣጣምም» የሚል ማስጠንቀቂያ ካዩ አይለፉት፣ ክፍያው ተሳክቶ ትዕዛዙ ሳይለወጥ የሚቀርበት አንዱ ምክንያት እሱ ነው።

የካሽ ፕለጊን (ድረ ገጹ እንዲፈጥን የገጾችን ቅጂ የሚያስቀምጥ፤ ጥሬ ገንዘብ ማለት አይደለም) ካለዎት የዘንቢል፣ የመክፈያና የ«የእኔ ሂሳብ» ገጾችን ከካሽ ያውጡ። የደኅንነት ፕለጊንና ክላውድፍሌርን የመሰለ መከላከያ ደግሞ ዌብሁኩን እንደ ሮቦት ቆጥረው በ403 («አይፈቀድም» በሚል ምላሽ) ሊመልሱት ይችላሉ። ይህ ሲሆን እርስዎ ምንም አያዩም፤ የሚታየው ጌትዌዩ ዳሽቦርድ ላይ የዌብሁክ ታሪክ ካለ እዚያ ነው። መፍትሔው መከላከያውን ማጥፋት አይደለም፤ የዌብሁኩን አንድ አድራሻ ብቻ ነጻ ማድረግ ነው። የኤስኤስኤል ምስክር ወረቀት (ግንኙነቱ የተመሰጠረ እንዲሆን የሚያደርገው) ያለፈበት ድረ ገጽም ዌብሁክ ላይደርሰው ይችላል።

አሁን ወደ ክምችት። በዉኮመርስ የምርቶች ማስተካከያ ውስጥ፣ ኢንቨንተሪ በሚለው ሥር፣ ያልተከፈለ ትዕዛዝ ክምችት ይዞ የሚቆይበት ደቂቃ አለ። ሳይነካ ሲቀር 60 ነው። ደቂቃው ሲያልፍ ትዕዛዙ ይሰረዛል፣ ልብሱ ወደ መደርደሪያው ይመለሳል። ችግሩ ደንበኛው በ70ኛው ደቂቃ ሲከፍል ነው፦ ገንዘቡ ገብቷል፣ ትዕዛዙ ተሰርዟል፣ ብቸኛዋ ቀሚስም ለሌላ ተሸጣለች። በእጅ የተሠራ፣ አንድ ብቻ የሆነ ልብስ ስለሚሸጡ ይህ እርስዎን ከሌላው ይበልጥ ይነካል። ወደ 180 ያሳድጉት፤ ደግሞም ትዕዛዝ ከመሰረዙ በፊት ጌትዌዩ አንድ ጊዜ እንዲጠየቅ ያድርጉ።

ቅጹ ላይ ኢሜይል ግዴታ ነው፤ ብዙ ደንበኛ ግን ኢሜይል የለውም ወይም አያስታውሰውም፣ የመጣለትን ይጽፋል። ጌትዌዩ ኢሜይሉን መርምሮ ይጥለዋል፣ ደንበኛው ያልገባው ስህተት አይቶ ይሄዳል። ስልክን ግዴታ፣ ኢሜይልን ምርጫ ያድርጉ። ስልኩን ደግሞ ከመላክዎ በፊት አንድ መልክ ያስይዙት፤ አንዱ +251 ብሎ፣ ሌላው 251 ብሎ፣ ሌላው ከ9 ጀምሮ ይጽፋል። በ09 ወይም በሳፋሪኮም 07 የሚጀምር ባለ 10 አኃዝ ሆኖ ይሂድ። ከክፍያው ጋር የሚላከው ርዕስና መግለጫ ላይም ገደብ አለ። ቻፓ ላይ ርዕሱ ከ16 ፊደል አይበልጥም፣ መግለጫውም ልዩ ምልክቶችን አይቀበልም። የልብሱን ሙሉ ስም ከነጥቅሱና ከነቅንፉ የሚልክ ፕለጊን፣ ለአንዳንዱ ልብስ ይሠራና ለአንዳንዱ እምቢ ይላል፤ ምክንያቱም ለመገመት ያስቸግራል። «ትዕዛዝ 1047» የምትል አጭር መግለጫ ከዚህ ሁሉ ትገላግላለች።

ሚስጥራዊ ቁልፉ ሰርቨሩ ላይ ብቻ ይቀመጥ። ገጹ ውስጥ፣ ጃቫስክሪፕት ውስጥ፣ ጊትሃብ (ፕሮግራመሮች ኮድ የሚያስቀምጡበት ድረ ገጽ) ላይ ከታየ ይፋ ወጥቷል ማለት ነው፤ ወዲያው በአዲስ ይቀይሩት። ድረ ገጹን የሠራልዎ ልጅ ሥራውን ሲጨርስም እንዲሁ ይቀይሩ። ይህ በልጁ ላይ ጥርጣሬ ማሳደር አይደለም፤ የሱቅ ቁልፍ የሚቀየርበት ደንብ ነው። የካርድ ቁጥር ደግሞ በራስዎ ቅጽ አይቀበሉ፣ በቴሌግራምም ሆነ በስልክ አይቀበሉ። ካርዱ ጌትዌዩ ገጽ ላይ ብቻ ከገባ ፒሲአይ ዲኤስኤስ የሚባለው የካርድ ደኅንነት ደንብ የሚጥልብዎ ሸክም በጣም ይቀልላል።

ሒሳቡ

ኮሚሽኑ ከጌትዌይ ጌትዌይ፣ ከመንገድ መንገድም ይለያያል፤ የካርድ ከቴሌብር ሊበልጥ ይችላል። ለምሳሌ ያህል 2.5 ከመቶ እንበልና የ2,300 ብር ልብስ እንሽጥ። ኮሚሽኑ 57.50 ብር ነው፣ ወደ ባንክ የሚገባው 2,242.50። የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ ከሆኑ ከ2,300ው ውስጥ 300ው ታክስ ነው፤ ኮሚሽኑ ግን በታክሱም ላይ ጭምር ነው የታሰበው። ዋጋ ሲተምኑ ይህን አይርሱ።

ኮሚሽኑን በዋጋው ላይ ለመጨመር ካሰቡ 2,300ን በ1.025 ማባዛት አይሆንም። 2,357.50 ይመጣል፤ ከዚያ ላይ 2.5 ከመቶ ሲቆረጥ 2,298.56 ይቀርዎታል። ትክክለኛው 2,300ን ለ0.975 ማካፈል ነው፦ 2,358.97። ልዩነቱ አንድ ትዕዛዝ ላይ ትንሽ ነው፤ በሺህ ትዕዛዝ ግን 1,400 ብር ያልፋል። እኔ ብጠየቅ ግን የተለየ «የክፍያ ጭማሪ» መስመር አላወጣም፤ ደንበኛው የመጨረሻው ገጽ ላይ አዲስ ቁጥር ሲያይ ይሸሻል። ዋጋው ውስጥ ይግባ።

መዝገብዎ ላይ ሽያጩ 2,300 ሆኖ ይግባ፣ 57.50ው ደግሞ ወጪ። ባንክ የገባውን 2,242.50 ብቻ ሽያጭ ብሎ የሚመዘግብ ሰው፣ ገቢዎች የጌትዌዩን መግለጫ ከእሱ መዝገብ ጋር ያስተያየ ዕለት ሽያጭ የደበቀ ይመስላል። ጌትዌዩ ለደንበኛው የሚልከው ደረሰኝም የክፍያ ማረጋገጫ እንጂ የታክስ ደረሰኝ አይደለም፤ የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑን ደረሰኝ የመቁረጥ ግዴታዎ እንዳለ ነው።

የጌትዌዩ ዝርዝር፣ የዉኮመርስ ትዕዛዝና የባንኩ መግለጫ በየሳምንቱ ይመሳከሩ። ቀኑ አልገጥም ካለዎ ሰዓቱን ይዩ። ብዙ ሰርቨር የሚቆጥረው ከእኛ በ3 ሰዓት ወደኋላ በቀረ የዓለም ሰዓት ነው፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት የተከፈለ ሁሉ እነሱ ዘንድ የቀድሞው ቀን ነው። የዎርድፕረሱን ሰዓት ወደ አዲስ አበባ ያስተካክሉ።

ውጭ አገር ያሉት

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ደንበኛ አለ። አዲስ አበባ ላለች እናቷ ልብስ የምትገዛ ልጅ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ቴሌብር ያለው ሰው ከሌላት፣ በቪዛ ወይም በማስተርካርድ ነው የምትከፍለው። ለዚህ የውጭ ካርድ የሚቀበል ጌትዌይ፣ ወይም ለድረ ገጽ የካርድ ክፍያ ከሚሰጥ ባንክ ጋር ውል ያስፈልጋል። ባንኩን ሲጠይቁ «ስሪ-ዲ ሴኪዩር አለው ወይ?» ይበሉ። ይህ የካርዱ ባለቤት በባንኩ በኩል ራሱን የሚያረጋግጥበት እርምጃ ነው፤ ካለ፣ «ካርዴ ተሰርቆ ነው» ተብሎ የሚመጣው ክርክር በአብዛኛው ወደ ካርዱ አውጪ ባንክ ይዞራል። ከሌለ ገንዘቡ ከእርስዎ ላይ ይመለሳል፣ ልብሱም ሄዷል። እንዲህ ያለ ክርክር ከወራት በኋላ ሊነሣ ስለሚችል የማስረከቢያ ፊርማና የተቀባዩን ስልክ ይያዙ።

ሌላው ዓይነት፣ ልብሱ ራሱ ዋሽንግተን እንዲደርሰው የሚፈልገው ነው። እዚያ ያለ ዘመድዎ በራሱ ስም ድርጅት አቋቁሞ ከእርስዎ እየገዛ ቢሸጥ፣ ስትራይፕን በሕጉ ይከፍታል፤ አሜሪካ ውስጥ መደበኛው የካርድ ክፍያ 2.9 ከመቶና 30 ሳንቲም ነው፣ በ40 ዶላር ልብስ ላይ 1.46 ዶላር። ያ ግን የእሱ ንግድ፣ የእሱ ግብር ነው፤ ከእርስዎ ጋር ያለው ግንኙነት የላኪና የገዢ ይሆናል፣ ገንዘቡም በባንክ በኩል በውጭ ምንዛሪ ሕግ መሠረት ይገባል። ድረ ገጹም የተለየ ይሁን።

የባንክ ማስገባቱን አሁኑኑ ጨርሰው አይዝጉት፤ ጌትዌዩ ያልሠራ ዕለት ያስፈልጋል። ዉኮመርስ በባንክ የሚከፈል ትዕዛዝን «በይደር» ብሎ ያስቀምጠዋል፤ የሚለቀው የእርስዎ ሂሳብ ላይ ገንዘቡን በራስዎ መተግበሪያ ሲያዩ እንጂ የደንበኛው ምስል ሲመጣ አይሁን። የቴሌብር መልእክት ከ127 ነው የሚመጣው፤ ቃሉ ተመሳስሎ ከተራ ስልክ ቁጥር ከመጣ ሐሰት ነው። የንግድ ባንክ ግብይት ቁጥር በኤፍቲ ይጀምርና ቀጥሎ የዓመቱ ሁለት አኃዝ፣ ከዚያ በፈረንጆቹ ዓመት ውስጥ ስንተኛው ቀን እንደሆነ የሚነግሩ ሦስት አኃዞች ይከተላሉ። ዛሬ ከፈልኩ ተብሎ የመጣ ቁጥር የባለፈውን ወር ቀን ከያዘ፣ ምስሉ የሌላ ክፍያ ነው።

ከመክፈትዎ በፊት

በሙከራ ቁልፍ (ገንዘብ ሳይንቀሳቀስ ለመሞከር ጌትዌዩ በሚሰጠው) የሠራ ሁሉ በእውነተኛው ይሠራል ማለት አይደለም፤ የሙከራው ገጽ ስልክ ላይ ፒን አይጠይቅም፣ ኔትወርክም አይቆረጥበትም። በእውነተኛው ቁልፍ የ10 ብር «የሙከራ ዕቃ» ይፍጠሩና በቴሌብርም፣ በባንክም፣ በካርድም ይግዙት። ከዚያ ሆን ብለው ያበላሹት። ፒን ካስገቡ በኋላ ገጹን ወዲያው ይዝጉ፤ ትዕዛዙ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ራሱ «ተከፍሏል» ማለት አለበት። ሳይከፍሉ የ«እናመሰግናለን» ገጹን አድራሻ ራስዎ ጽፈው ይግቡ፤ ትዕዛዙ ንቅንቅ ማለት የለበትም። የመክፈያውን ቁልፍ ሁለቴ ይጫኑ፤ ሁለት ትዕዛዝ መፈጠር የለበትም። ሰርዘው ይመለሱና እንደገና ይክፈሉ። አንዱን ተመላሽ አድርገው ገንዘቡ በስንት ቀን እንደተመለሰ፣ ኮሚሽኑም አብሮ ተመልሶ እንደሆነ ይዩ፤ የዕቃ መመለሻ ደንብዎ ላይ የሚጽፉት ቀን ከዚህ ነው የሚወጣው። ከነዚህ አንዱ ካልሠራ ለገጠመልዎ ሰው የትዕዛዙን ቁጥር፣ የግብይት መለያውንና ሰዓቱን ይላኩለት፤ «አልሠራም» ብቻ ብለው ከላኩለት ፈልጎ የሚያገኘው ነገር የለም።